ተማሪው፣ ባዕዷ ሙሽራና የታማኝነት ጥያቄ፦ ከነቀምቴ የታየ ታሪክ

በነቀምቴም ይሁን በጊምቢ፣ በአይራም ይሁን በደምቢ ዶሎ፣ ልጅ ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ሲሸኝ ከወላጆች አፍ የማይጠፉ ሁለት አደራዎች አሉ። አንደኛው በይፋ፣ በምርቃት መካከል የሚነገረው «ተምረህ ተመለስ» ነው። ሁለተኛው ድምፅ ዝቅ ተደርጎ፣ አንዳንዴም በሣቅ ተሸፍኖ የሚነገረው «ፈረንጅ አግብተህ እንዳትቀር» ነው። ተሸኚዋ ሴት ልጅ ስትሆን ደግሞ ሣቁ ይቀራል፤ አደራው ብቻ ይነገራል።

ብዙዎቻችን እነዚህን ሁለት አደራዎች እንደ አንድ አድርገን እንሰማቸዋለን። ባዕድ ያገባ ሰው አገሩን እንደተወ፣ የአገሩን ልጅ ያገባ ደግሞ ለአገሩ እንደታመነ አድርጎ የሚቆጥር አስተሳሰብ በመካከላችን አለ። «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለው ተረታችንም ለዚህ አስተሳሰብ ምስክር ሆኖ ይጠራል። ጉዳዩ የወላጆች ስጋት ብቻ ቢሆን ኖሮ በፖለቲካ ገጽ ላይ ባላነሣሁት ነበር። ይሁንና የትዳር ጓደኛ ዜግነት በአገራችን የታማኝነት መለኪያ፣ የሐሜት መሣሪያ፣ አልፎም የሕግ አንቀጽ ሆኖ ኖሯል። መለኪያው ትክክል ነበር ወይ? ታሪኩ ሲመረመር የሚሰጠው መልስ አልነበረም የሚል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የወለጋ የባሕር ማዶ በሮች

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን ነቀምቴን ዛሬ በጉቶ ጊዳ በኩል አልፎ የሚያያት ሰው፣ ከውጭው ዓለም ትምህርት ጋር ያላት ትውውቅ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ መሆኑን ላይጠረጥር ይችላል። ለዚህ ትውውቅ ግንባር ቀደሙ ኦኔሲሞስ ነሲብ ናቸው። ኦኔሲሞስ በኢሉባቦር ሁሩሙ አካባቢ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ለባርነት ተሸጠው፣ በ1870 ምጽዋ ላይ ነጻ የወጡ ሰው ናቸው። የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ተቀብሎ አስተማራቸው፤ በ1876 ወደ ስዊድን ተልከውም ስቶክሆልም አጠገብ በሚገኘው የዮሐንሉንድ ተቋም አምስት ዓመት ተማሩ። ከዚያ ተመልሰው ነው እንግዲህ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመተርጐምና በ1904 ነቀምቴ ገብተው ትምህርት ቤት ለመክፈት የበቁት። የነቀምቴው ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሳ ሞሮዳ) ተቀብለው አስጠጓቸው፤ ኦኔሲሞስም በ1931 እዚያው ነቀምቴ አረፉ።

የኦኔሲሞስ ትዳር ግን ብዙ ጊዜ አይነሣም። በ1881 ከስዊድን ወደ ምጽዋ ሲመለሱ ምሕረት ኃይሉን አገቡ። ሙሽራው ከምዕራብ የተነጠቀ የኦሮሞ ልጅ፣ ሙሽራይቱ ከሰሜን፤ ያገናኛቸውም የትውልድ መንደር ሳይሆን ሁለቱም የተጠለሉበት የሚስዮን ግቢ ነበር። በዘመኑ አስተሳሰብ አንዱ ለሌላው ከስዊድናዊ ያላነሰ ባዕድ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ነገር ግን ከሰሜን ያገቡት ሰው ምዕራቡን አልረሱም። ከሠርጋቸው በኋላ ብዙም ሳይቆዩ በሱዳን በኩል ወደ ወለጋ ለመግባት ጉዞ ጀመሩ፤ በዚያ ጊዜ አልተሳካላቸውም። በመጨረሻ የደረሱት ከሃያ ዓመት በላይ ቆይተው ነው።

ከኦኔሲሞስ በኋላ ለወለጋ ልጆች ሌሎች በሮችም ተከፈቱ። የአሜሪካ የተባበረች ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን በ1919 ሰዮ፣ ማለትም ደምቢ ዶሎ፣ ላይ ሥራ ጀመረች። ጀርመኖቹ የሄርማንስቡርግ ሚስዮናውያን በ1928 አይራ ላይ ተተከሉ። ስዊድን፣ አሜሪካና ጀርመን ለብዙ የወለጋ ቤተሰብ በካርታ ላይ ያሉ የሩቅ አገሮች ሳይሆኑ የመምህሩና የሐኪሙ አገር ነበሩ። መንገዱ ከተከፈተ ደግሞ ተማሪ ይሄዳል፤ ተማሪ ከሄደ ሃያ ዓመት የሞላው ልብ አብሮት ይሄዳል።

ሁለት ተማሪዎች፣ ሁለት ትዳሮች

ባዕድ ማግባት ወደ ክህደት ይወስዳል የሚሉ ሰዎች የሚጠቅሱት ምሳሌ አላቸው፤ እርሱም ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ናቸው። የዘጌው አፈወርቅ በ1887 ለትምህርት ወደ ጣሊያን ተልከው በቶሪኖ የሥዕል አካዳሚ ተማሩ። ኤውጄኒያ ሮሲ የተባለች ጣሊያናዊት አገቡ። በ1908 ሮም ላይ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ተብሎ ይታወቃል። በዓድዋው ጦርነት ዘመን ወደ ጣሊያን ወገን ተጠጉ፤ ከ1936ቱ ወረራ በኋላም ለወራሪው አገልግለው «አፈ ቄሣር» ተባሉ። ከነጻነት በኋላ ጅማ ተግዘው በ1947 አረፉ። ታሪኩ ለተረተኛ የተመቸ ነው፤ ጣሊያን ተማረ፣ ጣሊያናዊት አገባ፣ ጣሊያን ሆነ።

ሌላው ተማሪ ግን በዚህ ተረት ውስጥ ቦታ የለውም። ዶክተር መላኩ በያን ወሎ ተወልደው ሐረር ያደጉ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ዘመድ ነበሩ። በመጀመሪያ ወደ ሕንድ፣ ቀጥሎም በ1922 ወደ አሜሪካ ተሻግረው በኦሃዮ የሚገኘው ሙስኪንገም ኮሌጅ ገቡ። ኮሌጁ ደምቢ ዶሎ ላይ ሚስዮን የከፈተችው የዚያችው የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ነበር። ከዚያም በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተማሩ። አገር ቤት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ ታጭታላቸው ነበር። ከዚህ የሚበልጥ የከበረ ጋብቻ ለአንድ ተማሪ ሊታሰብ አይችልም። መላኩ ግን ያን እጮኝነት አፍርሰው በ1931 ዶሮቲ ሃድሊ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት አገቡ።

ይህ ውሳኔ የልብ ብቻ ሳይሆን የሐሳብም ነበር። መላኩ የጥቁር ሕዝቦችን አንድነት በጽኑ ያምኑ ነበር፤ በኋላ በ1939 ያሳተሙት መጽሐፍም ስለዚሁ ነው። በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያውያን ራሳቸውን ከጥቁር አሜሪካውያን ለይተው ያያሉ የሚል ወሬ በአሜሪካ ይናፈስ ነበር። ለዚህ ወሬ ከመላኩ ትዳር የበለጠ መልስ አልነበረም።

ትዳሩ ለአገር ምን አስገኘ? መላኩ በ1935 ሚስታቸውንና ልጃቸውን ይዘው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። ጥቁር አሜሪካዊው አብራሪ ጆን ሮቢንሰን ለኢትዮጵያ አየር ኃይል እንዲያገለግል የመለመሉት እሳቸው ነበሩ። አገር ከተያዘ በኋላ ወደ አሜሪካ ተመልሰው ነሐሴ 25 ቀን 1937 በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን መሠረቱ፤ «የኢትዮጵያ ድምፅ» የተባለ ጋዜጣም አወጡ። ዶሮቲ በዚህ ሥራ ሁሉ ከጎናቸው ነበሩ። መላኩ ግንቦት 4 ቀን 1940፣ የነጻነትን ቀን ሳያዩ፣ ገና በአርባ ዓመታቸው በሳንባ ምች አረፉ። ብላቴን ጌታ ኅሩይን የመሰለ አማች ትተው ያገቧት «ባዕድ» ለኢትዮጵያ በአሜሪካ ጥቁር ሕዝብ መካከል ቤት ሠራችላት።

ባዕድ ሚስት አፈወርቅን ካሃዲ አደረገቻቸው ካልን፣ ባዕድ ሚስት መላኩን አርበኛ አደረገቻቸው ማለታችን የማይቀር ነው። አንዱን ተቀብሎ ሌላውን መተው ታሪክ አይሆንም። ጋብቻ ታማኝነትን የሚያስር ሰንሰለት ቢሆን ኖሮማ ከደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ የበለጠ ታማኝ ባልተገኘ ነበር። ያገቡት የንጉሠ ነገሥቱን ልጅ ልዕልት ዘነበወርቅን ነበር። ልዕልቲቱ ቀደም ብለው አርፈዋል፤ በ1935 ጦርነቱ ሲጀመር ደጃዝማቹ ወደ ጣሊያን ከገቡት ቀዳሚው ነበሩ። ዘርም ጋብቻም ልጓሙን አልያዙትም።

ነቀምቴም የራሷ ምስክርነት አላት። በሰኔ 1936 መጨረሻ፣ አዲስ አበባ ከተያዘች ከሁለት ወር በታች ሲሆናት፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች ነቀምቴ አጠገብ ቦናያ ላይ አረፉ። ዓላማቸው ምዕራቡን ያለ ውጊያ መረከብ ነበር። የጥቁር አንበሳ ጦር በሌሊት ደርሶ አውሮፕላኖቹን አቃጠለ፤ ጄኔራል ማሊዮኮን ጨምሮ ከመጡት አብዛኞቹ ተገደሉ። የጥቁር አንበሳ መሪ ማን ነበሩ? በእንግሊዝ አገር የእንስሳት ሕክምና የተማሩት ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ናቸው። በፈረንሳይ ሳን ሲር የጦር ትምህርት ቤት የተማሩት ክፍሌ ናሲቡም ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነበሩ። «ፈረንጅ አገር የተማረ ፈረንጅ ይሆናል» የተባለለት ትውልድ ነው ቦናያ ላይ የፈረንጅ አውሮፕላን ያቃጠለው።

ሕጉ ምን ይል ነበር?

ሐሜት በቃል ይቀራል፤ ሕግ ግን ይጽፋል። የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የዜግነት ሕግ ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. (1930) ወጣ። በሕጉ መሠረት ኢትዮጵያዊ ወንድ በሕጋዊ መንገድ የውጭ አገር ሴት ሲያገባ፣ ጋብቻው ለሴቲቱ ኢትዮጵያዊ ዜግነት ይሰጣታል። ኢትዮጵያዊት ሴት የውጭ አገር ሰው ስታገባ ግን፣ ጋብቻው የባሏን ዜግነት የሚያስገኝላት ከሆነ ኢትዮጵያዊ ዜግነቷን ታጣለች።

አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ሁለት ተማሪዎችን ያስብ። ወንድምና እኅት በአንድ ዓመት ወደ አንድ ከተማ ለትምህርት ሄዱ እንበል። ሁለቱም እዚያ ወደዱ፤ ሁለቱም አገቡ። ወንድም ሲመለስ ሁለት ኢትዮጵያውያን ሆኖ ይመለሳል፤ እኅት ስትመለስ ግን በተወለደችበት አገር የውጭ ዜጋ ሆና በቪዛ ልትገባ ትችላለች። ሕጉ ስለ አገር ፍቅር እየተናገረ አልነበረም። ወንድ ሚስቱን ይዞ ወደ ቤቱ ይመጣል፣ ሴት ግን ወደ ባሏ ቤት ትሄዳለች የሚለውን የአባቶችን ሥርዓት ወደ ዜግነት አሸጋገረ እንጂ። እርግጥ ነው፣ ይህ ሥርዓት በዘመኑ የኛ ብቻ አልነበረም፤ በብዙ የአውሮፓ አገሮችም የሚስት ዜግነት የባሏን ይከተል ነበር። ልዩነቱ ሌሎቹ ቀስ በቀስ ሲለውጡት፣ የኛው የ1922 ዓ.ም. ሕግ በመጽሐፍ ላይ እስከ 2003 መቆየቱ ነው። ሦስት መንግሥታት ሲፈራረቁ የሴት ተማሪዋን ዕጣ የሚናገረው ያ ወረቀት ከመደርደሪያው አልተነሣም። ለሴት ልጅ የሚሰጠው አደራ ሣቅ የሌለው ለምን እንደሆነ አሁን ይገባናል።

የተቀባዮቹ አገሮች ጥርጣሬ

ፍቅርን የሚጠረጥር መንግሥት የኛ ብቻ እንደነበረ ማስመሰል ግን ፍትሐዊ አይሆንም። መላኩ በተማሩባት አሜሪካ፣ በብዙ ክፍለ ግዛቶች ጥቁርና ነጭ እንዳይጋቡ በሕግ የተከለከለ ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን ክልከላ የሻረው በሰኔ 1967 ነው። ከዚያ በፊት አንድ አበሻ ተማሪ ከነጭ የክፍል ጓደኛው ጋር ያለውን ፍቅር በትዳር ልፈጽም ቢል፣ በአንዱ ግዛት ሙሽራ፣ በሌላው ወንጀለኛ ይሆን ነበር።

በምሥራቁም በኩል ነገሩ የተሻለ አልነበረም። ሶቭየት ኅብረት በየካቲት 1947 ዜጎቿ ከውጭ አገር ሰዎች ጋር እንዳይጋቡ ከልክላ ነበር፤ ክልከላው የተነሣው ስታሊን ከሞተ በኋላ በ1953 ነው። በ1960 ሞስኮ ላይ በኋላ የፓትሪስ ሉሙምባን ስም ያገኘው የሕዝቦች ወዳጅነት ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶ የአፍሪካ ተማሪዎች መጉረፍ ጀመሩ። በየካቲት 1963 ሶፊያ ላይ የአፍሪካ ተማሪዎች ሰልፍ ወጥተው ከፖሊስ ጋር ተጋጩ፤ ብዙዎቹም ቡልጋሪያን ለቀው ሄዱ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ደግሞ ሩሲያዊት ሊያገባ የተዘጋጀ አንድ የጋና ተማሪ ከሞስኮ ዳር ሞቶ ተገኘ። ባለ ሥልጣናቱ ሰክሮ በብርድ ሞተ አሉ። ጓደኞቹ ግን በፍቅሩ ምክንያት ተገደለ ብለው ቀይ አደባባይ ላይ ሰልፍ ወጡ። ወዛደራዊ ዓለም አቀፋዊነት በመፈክር ደረጃ ሁሉን አቃፊ ነበር፤ የአንዲት ልጅ አባት ቤት በር ላይ ሲደርስ ግን ይንገዳገድ ነበር።

ከ1974ቱ አብዮት በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶቻችን ወደ ሶቭየት ኅብረት፣ ምሥራቅ ጀርመን፣ ቡልጋሪያና ኩባ ሲላኩ የገቡበት ዓለም ይህ ነበር። ተዋደዱ፣ ወለዱም። ከምረቃ በኋላ ግን ሁለት መንግሥታት በመካከላቸው ቆሙ፤ አንዱ ዜጋዬን አላስወጣም፣ ሌላው ምሁሬን መልስልኝ ይላል። በ1991 አካባቢ ደግሞ በሁለቱም ወገን የነበሩት ሥርዓቶች ፈረሱ። አዲስ አበባ የቀሩ ባዕዳን ሚስቶችና ላይፕዚግ ወይም ኪየቭ የቀሩ አበሻ አባት ያላቸው ልጆች የዚያ ዘመን ያልተጻፈ ታሪክ ናቸው። የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» (2008) ያየ ሰው ጀርመን ተምሮ፣ ጀርመናዊት ወዶ፣ ልጁን ትቶ ወደ አብዮቱ የተመለሰውን ተስፋዬን አይረሳም። እዚያም አገሩን ስለወደደ ነበር የተመለሰው፤ አገሩ ግን ፍቅሩን አልመለሰችለትም።

የደምቢ ዶሎው ልጅ

ወደ ወለጋ እንመለስ። በ1943 ደምቢ ዶሎ ላይ አንድ ልጅ ተወለደ። አባቱ ቄስ ጊዳዳ ሶለን በልጅነታቸው ፈንጣጣ የዓይናቸውን ብርሃን የነሣቸው የታወቁ ወንጌላዊ ነበሩ። ልጁ ነጋሶ ጊዳዳ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ተማሩ፤ ከዚያም ወደ ምዕራብ ጀርመን ሄዱ። በ1984 ፍራንክፈርት ላይ የዶክትሬት ጽሑፋቸውን አቀረቡ፤ ርዕሰ ጉዳዩ የሰዮ ኦሮሞ ታሪክ፣ ማለትም የገዛ መንደራቸው ታሪክ ነበር። የትዳር ጓደኛቸው ደግሞ ጀርመናዊቷ ሬጂና አቤልት ሆኑ።

በፍራንክፈርት የሰዮን ታሪክ የሚጽፍ፣ ቤቱ ጀርመንኛ የሚነገርበት ሰው አገሩን ትቷል ወይስ ይዟል? መልሱን 1991 ሰጠ። ነጋሶ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሚኒስትር ሆኑ፤ ሕገ መንግሥቱን ያጸደቀውን ጉባኤ በሊቀ መንበርነት መሩ፤ ከ1995 እስከ 2001 የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ነበሩ። በዚያ ዘመን የብሔራዊ ቤተ መንግሥቱ እመቤት ጀርመናዊት ነበረች፤ ሰማዩም አልወደቀም። በፖለቲካቸው መስማማትም መቃወምም ይቻላል፤ እኔም በሁሉም አልስማማም። ነገር ግን ከገዥው ፓርቲ ሲለያዩ የተከፈላቸው ዋጋ ይታወቃል፤ የቀድሞ ፕሬዚዳንት የሚያገኘውን ጥቅም አጡ። በ2005 ምርጫ ግን በግል ተወዳድረው አሸነፉ፤ የመረጣቸውም ደምቢ ዶሎ ነው። የደምቢ ዶሎ መራጭ የሚስታቸውን ፓስፖርት አልጠየቀም።

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. በእሳቸው ሊቀ መንበርነት የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 33 ከውጭ አገር ዜጋ ጋር የሚፈጸም ጋብቻ የማንንም ኢትዮጵያዊ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ዜግነት እንደማያስቀር ይደነግጋል። የሊቀ መንበሩ ትዳር አንቀጹን አመጣው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን የ1922 ዓ.ም. ሕግ እኅትን ከወንድም የለየበት መስመር የተሰረዘው፣ ውጭ ተምሮ ባዕድ ያገባ የወለጋ ልጅ በመራው ጉባኤ መሆኑ ታሪክ አልፎ አልፎ የሚፈጥረው መገጣጠም ነው።

የቀረው የቤት ሥራ

ሥራው ግን አላለቀም። በ2003 የወጣው የዜግነት አዋጅ ወንድና ሴትን አስተካከለ፤ በሌላ በኩል ደግሞ በሩን አጠበበ። የውጭ አገር ባል ወይም ሚስት ኢትዮጵያዊ ለመሆን ጋብቻው ቢያንስ ሁለት ዓመት የቆየ መሆን፣ በአገሪቱ ቢያንስ አንድ ዓመት መኖርና የቀድሞ ዜግነትን መተው ይጠበቅበታል። ሁለት ዜግነት አይፈቀድም። ከሁለት አገር ወላጆች የተወለደና በወላጁ በኩል የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ልጅም፣ ለአካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ኢትዮጵያዊነቱን መምረጡን ካላስታወቀ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። ወላጆች በፍቅር ያገናኙትን ሕጉ ልጁን በአሥራ ስምንት ዓመቱ ምረጥ ይለዋል። የመላኩና የዶሮቲ ልጅ በዛሬው ሕግ ምን በሆነ ነበር?

ጠንቃቃ ሰዎች «መንግሥት የማን ታማኝ እንደሆነ ማወቅ አለበት» ይሉኛል። እውነት ነው፤ ማወቅ አለበት። ነገር ግን ታማኝነት የሚታወቀው በሥራ ነው። አፈወርቅን የሚያስጠይቃቸው ለወራሪ ማገልገላቸው እንጂ ኤውጄኒያ ሮሲን መውደዳቸው አይደለም። ኃይለ ሥላሴ ጉግሣን የሚያስጠይቃቸው መቀሌን አሳልፈው መስጠታቸው ነው፤ የጋብቻ ሰነዳቸው ቢመረመር አንዳች ነገር ባልተገኘ ነበር። የጋብቻ ሰነድ የሚያሳየው አንድ ሰው ማንን እንደወደደ ብቻ ነው፤ ማንን እንደጠላ አያሳይም።

ወለጋ ለዚህ ክርክር የራሱ የቆየ መልስ አለው። ኦሮሞ ባዕድን ወደ ጎሳው የሚያስገባበት ሞጋሳ የተባለ ሥርዓት ነበረው፤ የሌላውን ልጅ የራስ የሚያደርግበት ጉዲፈቻ ደግሞ ከኦሮምኛ ወጥቶ የአማርኛ የሕግ ቃል ሆኗል። በዚያ ሥርዓት ባዕድ ወገን የሚሆነው በቃል ኪዳን ነው፤ የመጣበት ዘር ተቆጥሮ አይመለስም። ይህን የሚያውቅ ማኅበረሰብ ከባሕር ማዶ ሙሽራ ይዞ የሚመለስን ልጅ ለመቀበል ከፈረንጅ ሕግ ምክር መዋስ አያስፈልገውም።

ዶክተር ነጋሶ በሚያዝያ 2019 ለሕክምና በሄዱባት ጀርመን አረፉ። የተማሩባት፣ የሰዮን ታሪክ የጻፉባት፣ ሚስታቸውን ያገኙባት አገር ናት። ታሪካቸው የሁለቱን አደራዎች ልዩነት በግልጽ ያሳያል። «ተምረህ ተመለስ» የተባለውን ፈጸሙ፤ «ፈረንጅ አታግባ» የተባለውን አልፈጸሙም። አገር የሚያስፈልጋት የመጀመሪያው አደራ ነበር። ስለዚህ ነገ ከነቀምቴ አውቶቡስ ተራ ልጁን የሚሸኝ ወላጅ ሁለተኛውን አደራ ቢተወው፣ በምትኩም «ተመለስ፤ ተመለሽ፤ ከማን ጋር እንደመጣችሁ አንጠይቅም» ቢል፣ የሚመለሱት ልጆች ቁጥር ይበዛል ብዬ አምናለሁ።

ቸር ይግጠመን።